ያልተሳለው ግድግዳ

መስከረም 14

ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ፣

እንዴት ከረሙ? መቀስዎና መርፌዎ፣ ያ ማረፍ የማያውቀው የስፌት መኪናዎስ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ልመን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከብርዱና ከአለቃዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ይህንን በስልክ ያላነሣሁት ወድጄ አይደለም። እማዬ አጠገብዎ ናት፤ በስልክ ስንነጋገር ነገሩ ሁሉ "ደህና ነን፣ ደህና ነን" ሆኖ ያልቃል። በረንዳው ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ የተሰበረ ጊዜ እንኳ እኔ የሰማሁት ጀሶው ሊፈታ ሲል ነው። ስለዚህ ቆርጬ ወስኛለሁ። ያ ቤት ይፈርስና ደረጃ የሌለው፣ ከመሬት እኩል የሆነ ቤት ይሠራላታል። እኔ ዘንድ ነይ ስላት "የሰው ጓዳ ውስጥ አልገባም፤ በቤቴ እንደልቤ ወጥቼ ልግባ" አለችኝ። እልኸኛ መሆኗን ያውቃሉ። ደግማ ከወደቀች ግን ፈቃዷን የሚጠይቅ አይኖርም፤ ተሸክመን አንዱ ጓዳ ውስጥ እናስገባታለን። ያ ቀን ሳይመጣ ልቅደመው ብዬ ነው።

ሥራዬን ያውቁታል። ግንባታው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ቢበላሽ ማን ይሸከመዋል የሚለውን ደግሞ ከጎኑ እሞላለሁ። ስብሰባ ስገባ "ሟርተኛዋ መጣች" ይሉኛል። እንግዲህ ለእናቴም ላሟርት።

ቤት የሚሠራበት መንገድ ብዙ ቢሆንም ለእኛ የሚሆኑት ሦስት ናቸው። በአንደኛው መሐንዲስ ፕላኑን ጥንቅቅ አድርጎ ይጨርሳል፤ ከዚያ ተቋራጮች በዋጋ ተወዳድረው አንዱ ይሠራዋል። ዋጋውን ቀድመን እናውቃለን፤ ቤቱንም ሳይሠራ በወረቀት እናየዋለን። አደጋው ያለው በወረቀቱና በግንቡ መካከል ነው። ስህተት ሲገኝ ተቋራጩ "የተሳለውን ሠራሁ" ይላል፣ መሐንዲሱ "አላነበበውም" ይላል፣ ባለቤቷ መሃል ቆማ ትቀራለች። በሁለተኛው አንድ ሰው ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ገንብቶ ቁልፍ ያስረክበናል። ፈጣን ነው፤ ጥፋት ቢኖር የምንጠይቀውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን የምንፈልገውን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለብን፤ በእኛ ወገን ቆሞ ሥራውን የሚያይልን አይኖርም፤ ሰውየው ሲቆጥብም የሚቆጥበው ከማይታየው ቦታ ነው። ሦስተኛው፣ ሲሚንቶና ብረቱን እኛ ገዝተን ግንበኛ በእጅ ዋጋ መቅጠር ነው። በየቀኑ እንደፈለግን እንለውጣለን፤ የሚበላሸው ሁሉ ግን የእኛው ነው።

የተከራዩት ሱቅ የእማዬ ቤት የፊት ክፍል ስለሆነ ከእርስዎ የቀረበ ሰው የለኝም። ቤቱ ሲፈርስ ለጊዜው የሚሠሩበት ቦታ እንፈልጋለን፤ በዚህ አያስቡ። የትኛው ይሻላል ይላሉ? እማዬንም ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣
ሟርተኛዋ ልጅዎ

ጥቅምት 9

ለውድ ልጃችን ለሟርተኛዋ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እትዬም ደህና ናት፤ እጇ ድኗል፣ ምላሷማ መች ታሞ ያውቃል! ደብዳቤሽን ደንበኛ አስቁሜ አነበብኩላት። "አትዝለል፣ ሰላምታውንም አንብብ" እያለች አላስቀመጠችኝም።

ወረቀትሽ መጀመሪያ አስፈራኝ። ሟርት እንዲህ ተጣርቶ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ኋላ ግን ነገሩ ወደ እኔ ሙያ መጣልኝ። አንዷ ደንበኛ ሌላ ሰው የሣለውን ቀሚስ ይዛ ትመጣና "ልክ እንደዚህ ስፋልኝ" ትላለች። እሰፋዋለሁ፤ አይሆናትም። እኔ ሥዕሉን እወቅሳለሁ፣ ሣዪው መቀሴን ይወቅሳል፣ እሷ መስታወት ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ይሄ አንደኛሽ ነው። ሌላዋ "ጨርቁንም አንተ ምረጥ፣ ቅዱንም አንተ እወቅ፣ ለሠርጉ ቀን ብቻ አድርስልኝ" ትላለች። እንዲህ ዓይነቷን እወዳታለሁ፤ ገበሩን ከምን እንዳደረግኩት ማን ገልጦ ያያል? ይሄንን ለማንም እንዳትነግሪ። ሦስተኛዋ ደግሞ ጨርቋን ይዛ አጠገቤ ትጎለትና "እዚህ ጋ ሰብሰብ፣ እዚህ ጋ ለቀቅ" ስትል ትውላለች። ልብሱ ልክክ ይልላታል፤ እኔ ግን ሸምግዬ እነሣለሁ።

እንግዲህ ከጠየቅሽኝ አንደኛው ይሁን። ሥዕሉን ማየት እወዳለሁ፤ ከተጣላንም በወረቀት ላይ እንጣላ። እትዬን ስጠይቃት "እናንተ እንዳላችሁ" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እናትሽ እንዲህ ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁም።

በሰላም ውለሽ ግቢ፣
ጋሼ

ኅዳር 20

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤናና ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት። የገበሩን ምስጢር ጠብቄአለሁ።

እንዳሉት አንደኛውን መንገድ ይዘናል። አብሮኝ የሚሠራ ነዳፊ ፕላኑን ለወዳጅነት ብሎ ሠራልኝ፤ ከዚህ ጋር አለ። ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። በሩ ሰፍቶ መሃል ላይ ሆኗል። ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ ስላወጣነው ቤቱ ወለል ብሎ ይታያል። መኝታዋን ከመንገዱ ጫጫታና ይቅርታ ያድርጉልኝና ከስፌት መኪናዎ አርቀን ወደ ጓሮ አዙረነዋል። ከሁሉ የምወደው ትልቁን መስኮት ነው፤ የምሥራቁ ግድግዳ መስታወት ነው ማለት ይቻላል። ያ አሮጌ ቤት ጨለማ ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ በቀን መብራት ስታበራ ኖራለች። አሁን ከማለዳ ጀምራ ብርሃን ውስጥ ትቀመጥ።

እርስዎ ስማቸውን የላኩልኝን ተቋራጮች በፕላኑ አወዳድሬ ዋጋው መካከለኛ የሆነውን መርጫለሁ። ከሁሉ ያነሰውን የተውኩት፣ እንዲያ ዓይነቱ ሰው የቀነሰውን ኋላ በየሰበቡ ስለሚያስመልስ ነው። ውሉ ተዘጋጅቷል፤ ክረምት ሳይገባ መሠረቱ እንዲወጣ ቶሎ ይፈርሙልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማዬ ድሮ ከደብዳቤዎ ሥር በራሷ እጅ አንድ ሁለት መስመር ሳትጽፍልኝ አትቀርም ነበር። እጇ ከዳነ ምነው ዝም አለች? ተቀይማኝ ይሆን?

አክባሪዎ፣
ሟርተኛዋ

የካቲት 27

ለውድ ልጃችን፣

እንደምን አለሽልን? መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ተቋራጩ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ ሲመለስ አሸዋ ጠፋ፤ አሸዋው ሲገኝ ደግሞ እኔን ጉንፋን ጣለኝ። እትዬ ደህና ናት። አልተቀየመችሽም፤ እጇ ቶሎ እየዛለባት ነው ያልጻፈችው። ሰላም በልልኝ ብላለች።

ፕላኑ በጣም ያምራል። እንዲያው ከተቻለ፣ ያ መሃል የሄደው በር አሁን ወዳለበት ጎን ቢመለስ? ማድ ቤቱና ሳሎኑ መካከል የነበረውም ግድግዳ ባይወጣ? መኝታውም እንደ ድሮው ወደ መንገዱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እትዬ ጫጫታ ትወዳለች። መስኮቱም ያምራል። ብቻ ያን ያህል መስፋት አለበት?

ውሉን አልፈረምኩም። አትቸኩዪ ልጄ።

ጋሼ

መጋቢት 15

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ይህንን ስጽፍ እያፈርኩ ነው፤ ሆኖም ዝም ካልኩ ሥራዬን አላውቅም ማለት ነው። ያለቀ ፕላን ላይ በሩን፣ ግድግዳውን፣ መኝታውን፣ መስኮቱን ከለወጥን የቀረው አሮጌው ቤት ነው። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ስንቱን ግንባታ ገደል ከትቶታል። እኛ ዘንድ የመዘግየት ምክንያት በየመስመሩ ከተቀያየረ "እውነተኛው ምክንያት አልተነገረም" ብለን እንጽፋለን። አሸዋ ነበር፣ ጉንፋን ሆነ፣ አሁን ደግሞ ጫጫታ ሆነ።

በሥራዬ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ነገሩ ባይሠራ የሚጠቀመው ማን ነው? ሱቅዎ ከቤቱ ፊት ነው። ቤቱ ካልፈረሰ ሱቅዎም አይፈርስም፤ ደንበኛዎም አይበተንም። ጋሼ፣ ለዚህ ብለው ነው እናቴን እዚያ ደረጃ ላይ የሚያቆዩዋት? ካልሆነ እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ

መጋቢት 30

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ "እትዬ ደህና ናት" ብዬ አልጀምርም። ስንት ጊዜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው ብዕሬ ያንገራግር ነበር።

ደብዳቤሽ የመጣ ቀን እትዬ እንደልማዷ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "አንብብ" አለችኝ። ሰላምታውን አነበብኩ፣ የበሩንና የግድግዳውን አነበብኩ። የሱቁ ነገር ላይ ስደርስ ግን "አለቀ" አልኳት።

"አላለቀም" አለች። "ወረቀቱን መች አጠፍከው?"

ጆሮዋ እንዲህ ነው። አነበብኩላት። "በእኔ የተነሣ ይሄ ይድረስብህ? በል ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ፤ ጻፍላት" አለችኝ።

ልጄ፣ እናትሽ አታይም። ቀስ በቀስ ነው የጠፋባት። ድሮ ዓይኔ ሲደክም መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች፤ አንድ ቀን ክሩንም መርፌውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ነርቩ ሞቷል፣ የሚመልሰው ቀዶ ጥገና የለም አሉን። "ልጄ ካወቀች ወይ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ወይ እኔን ጭና ትወስደኛለች" ብላ በልጆቼ አስማለችኝ።

የጣላትም ደረጃው አይደለም። ደረጃውን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። ቀለም ቀቢው መሰላሉን በረንዳው ላይ ትቶት ሄዶ ነበር፤ ትናንት ያልነበረ ነገር ነው የጣላት። በአሮጌው ቤት ውስጥ አንድም ሰው አይመራትም። ከአልጋዋ ተነሥታ ያንን ሳሎኑንና ማድ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ በእጇ እየዳበሰች ትሄዳለች። መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ የምታውቀው በእኔ መኪና ድምፅ ነው። ሱቄን ስዘጋ እንኳ "ዘጋህ? በል ቤቱን አዞርከው" ትለኛለች።

ፕላንሽ ሲመጣ መስመር መስመሩን በወፍራም ክር አቡጀዲ ላይ ሰፋሁላትና እጇን አስቀመጥኩላት። ከአልጋዋ ጀመረች። "ከዚህ ወዴት ነው የምሄደው?" አለች። "ወደ ማድ ቤት" አልኳት። "ምን ይዤ?" አለችኝ። ጣቷ ባዶው አቡጀዲ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ የሚይዘው ክር አጣ። "ይሄ ቤት አይደለም፣ ሜዳ ነው" ብላ ጨርቁን አጠፈችው። ያን ቀን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ግን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? የአሸዋና የጉንፋን ወሬ ጻፍኩ። ለሱቁ አስቤ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይቀለኝ ነበር። አልዋሽሽም፣ ያልሽው ነገር አንጀቴን አቁስሎታል።

እሷ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "ልጄ፣ ማን ይሸከመዋል እያልሽ በሞላሽው ውስጥ መሐንዲሱም ተቋራጩም አለ፤ እኔ የለሁበትም። ብወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ። መውደቁን ለእኔ ተዪልኝ፤ የምይዘውን ግድግዳ ብቻ አትውሰጂብኝ።"

ደብዳቤ ሲያልቅ "ዓይን ለዓይን ያገናኘን" ይባላል። ዛሬ አልጻፍኩትም።

ጋሼ

ሚያዝያ 16

ጋሼዬ፣

ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ። ልጽፍልዎ ስቀመጥ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ መስኮት ነው። ለእናቴ የብርሃን ግድግዳ ሳሠራ፣ የምትደገፈውን ግድግዳ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ።

የቆርቆሮ ቢሮዬን በር ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከወንበሬ እስከ በሩ ልሂድ ብዬ ነበር። በየቀኑ የምውልበት ክፍል ነው። የጠረጴዛው ጥግ ጎኔን ወጋኝ፤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ተናደድኩባችሁም፤ በሁለታችሁም። እኔ የምኖርበት ሙያ ክፉውን ነገር አስቀድሞ መስማት ነው፤ እናንተ ደግሞ ክፉ ያልሆነውን ብቻ ነገራችሁኝ። ደረጃ ጣላት ብላችሁኝ ደረጃውን ሳጠፋ ከረምኩ።

እንግዲህ እንደገና ላሟርት። የትኛው መንገድ ይሻላል እያልኩ ሳወዳድር፣ በየትኛው መንገድ ላይ እማዬ እስከ መቼ መናገር ትችላለች ብዬ አልጠየቅኩም። በአንደኛው ፕላኑ እስኪያልቅ ነው፤ እሷ ደግሞ ወረቀት አታይም። በሁለተኛው፣ ቁልፍ በሚያስረክበን ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በእጅ ዋጋው ቤቱ እስኪያልቅ በየቀኑ ትናገራለች፤ ነገር ግን መሠረቱና ጣሪያው ከተበላሹ የሚወርዱት በራሷ ላይ ነው። ስለዚህ እንከፍለዋለን። መሠረቱን፣ ምሰሶውንና ጣሪያውን ተቋራጩ በቁርጥ ዋጋ በፕላን ይሥራ፤ ቢሰነጠቅ ተጠያቂው እሱ ነው። የውስጡን ግድግዳ፣ በሩን፣ የእጅ መያዣውን ግንበኛ በእጅ ዋጋ ይሥራልን፤ እማዬ በእጇ ዳብሳ እሺ ሳትል ልስን አይለሰንም። አሮጌውን ቤት አሁን አናፈርስም። አዲሱ ከኋላው ባለው ግቢ ላይ ይሠራል፤ ሱቅዎ ካለበት አይነቃነቅም፤ መኝታዋም በሱቅዎ ጀርባ በኩል ይሆናል። አዲሱ ቤት ውስጥ ተወልዳ ያደገች እስኪመስላት ድረስ ሁለቱም ቤቶች ይቁሙ።

ይህም ስጋት አለው። ሁለት እጅ የነካው ሥራ ላይ ክፍተቱ የሚፈጠረው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ እርስዎ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ተቋራጩ የት እንደሚያበቃ፣ ግንበኛው ከየት እንደሚጀምር ውሉ ላይ በግልጽ አስፍሬአለሁ። ይዘገያል፣ ይወደዳልም። ይህንን ማን ይሸከመዋል በሚለው ጎን ላይ የራሴን ስም ጽፌአለሁ። አዲሱን ፕላን በክር ሰፍተው ይስጧት፤ የማይሆናትን ትተርትረው።

ጭኜ አልወስዳትም። ማንም ሳያስምለኝ ምያለሁ፤ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ

ጥር 11

ለሟርተኛዋ ልጄ፣

ሰላምታችን ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ይሄ ደህና እውነተኛው ነው። ክፉውንም ስለምጽፍልሽ ልታምኚኝ ትችያለሽ።

ክፉው ይሄ ነው። ተቋራጩ ምሰሶውን ሲያቆም የበሩን ቦታ በክር ከሰፋሁት ፈንጠር አድርጎ ተወው። "ያለው ልዩነት ምንም ነው፣ ማንም ልብ አይለውም" አለ። እትዬ እጇን ሰድዳ "እኔ ልብ ብዬዋለሁ" አለችው። ተጨቃጨቅን። የአንቺን ውል አውጥቼ መጋጠሚያውን ሳነብለት እያጉረመረመ አፈረሰና አስተካከለው። ግንበኛው ደግሞ በተቃራኒው ወዷታል። ማታ ማታ ሊሄድ ሲል "ተቆጣጣሪዋ ትምጣና ትፍረድብኝ" ይላል። እሷም እርጥቡን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ትዳብሰዋለች። አንዴ የሳሎኑን ግድግዳ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገፋችው፤ ሰውየው እኔን ያየኛል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ክሩንማ ስንት ጊዜ እንደተረተረችው አትጠይቂኝ፤ ከሦስተኛዋ ደንበኛዬ የባሰች ናት።

ሌላም ክፉ አለ። ከገባች በኋላ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግንባሯን ተመታች፤ ያበጠውን እኔ እንዳላይ በሻርፕ ሸፈነችው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ነበር፤ አሁን ወደ ውስጥ አዙረነዋል። ከዚያ ወዲህ አልተመታችም። አሮጌውን ቤት ባለፈው ሳምንት አፈረስነው፤ የቀረችው የእኔ ሱቅ ብቻ ናት። ሲፈርስ ድምፁን እየሰማች መኪናውን እንዳላቆም አዘዘችኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማይረባ ጨርቅ ስሰፋ ዋልኩ።

መስኮትሽ አለ። ላስጠብበው ስላት "ተወው" አለች። "እሷ ስትመጣ ትይበት።"

ይሄን እየጻፍኩ ብዕሬን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጣቴን መስመሩ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት፤ ጣቴን ወዲያው ለቀቀችው። ከታች ያለው የእሷ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሉ ስሜ ላይ ቢወጣም አትታዘቢን።

ጋሼ

ልጄ ስትመጪ እጄን አትያዢ። ቤቱን የማሳይሽ እኔ ነኝ።